ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ድግስ

ብዙ ጊዜ ጠፋሁባችሁ፤ የሥራ ነገር ነው። እንደምታውቁት ከሠራዊት ከወጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ የሰው ድግስ ሆኗል። ሰው ሲዳር፣ ሲመረቅ፣ ልጅ ሲያስገርዝ፣ ተዝካር ሲያወጣ እኔ ከድስቱ ጀርባ ነኝ። ዛሬ ግን ስለ ወጥ አሠራር ልጽፍላችሁ አይደለም። አንዲት እናት እኔ ካዘጋጀሁት ድግስ ሳይበሉ ወጡ። ያ ነገር ከንክኖኝ የድግስን ታሪክ ሳገላብጥ ከረምኩ፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የጎንደር ልጅ በነርስነት ተመረቀችና ቤተሰቦቿ ትንሽ ዝግጅት አሰቡ። ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ብዙም በማይርቅ ቦታ አነስ ያለ አዳራሽ ተከራዩ። ሰማንያ ሰው ነው የሚመጣው አሉኝ። እኔም በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን አደረግሁ፤ የአንድ ሰው ድርሻ በሰማንያ አባዛሁ፣ ለመጠባበቂያ ጨመር አደረግሁ። ዶሮ ወጥ፣ የበሬ ቀይ ወጥ፣ ጥብስ። ለዳር ማድመቂያ ደግሞ ሰላጣ በእንቁላል። ሥጋው ካሸር፣ ድስቱ ካሸር፣ ሁሉም በሥርዓቱ ነው። በራሴ ኮርቼ ነበር ብላችሁ ውሸት አይሆንም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። እኔ ረቡዕን የማውቀው አዳራሽ ረከስ የሚልበት ቀን አድርጌ ብቻ ነው። ከተጋባዦቹ መካከል የተመራቂዋን እናት ከአገር ቤት ጀምሮ የሚያውቁ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ አንዲት ክርስቲያን እናት ነበሩ። ሰሃን ይዘው በቡፌው ዳር አለፉ። ዶሮውን አለፉ፣ ወጡን አለፉ፣ ሰላጣው ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና እንቁላሉን አይተው እሱንም አለፉ። አንድ እንጀራ ጠቅልለው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ጠጋ ብዬ "እማማ፣ ምነው? አልጣመዎትም እንዴ?" አልኳቸው። "ኧረ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ ጠግቤ ነው" አሉኝ። ቡናቸውን ጠጥተው፣ ልጅቱን መርቀው ሄዱ። እንጀራው ከነጥቅሉ ሰሃኑ ላይ ቀረ።

ረቡዕ የክርስቲያን ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ማታ ድስት ሳጥብ ነው። ሊያውም እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ጎንደር ያደግሁ ሰው! ሠፈሩ ሁሉ ረቡዕና ዐርብ ሽሮ ሽሮ ሲሸት ያደግሁ ሰው! በማግስቱ ለአያቴ ደውዬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

"በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነውር አይሠራም ነበር" አለችኝ። "ክርስቲያኖቹ ሰርግ ሲጠሩን በጉን በቁሙ ነበር የሚሰጡን። የእኛ ሰዎች ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳችን ድስት እንሠራለን፣ ከእነሱ ዳስ አጠገብ ተቀምጠን እንበላለን። እኛም ስንድር ለእነሱ እንደዚያው። ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ድግስ።"

ይቺ የአያቴ ንግግር ናት የዛሬው ጽሑፌ ርእስ።

እስቲ ከዚያው ከጎንደር እንጀምር። በአገራችን ሥጋ እንዲሁ ሥጋ አይደለም። የክርስቲያን ሥጋ አለ፣ የእስላም ሥጋ አለ፣ የቤተ እስራኤልም ነበር። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ እስላሙ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ የእኛ አባቶች በኦሪት ሥርዓት ያርዳሉ፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። ሰፈሩ ግን አንድ ነው፣ ገበያው አንድ ነው፣ ለቅሶው አንድ ነው። ታዲያ ሰው ጎረቤቱን ሳይጠራ እንዴት ይድራል? ጠርቶስ ጎረቤቱ የማይበላውን እንዴት ያቀርባል? መልሱ ያ አያቴ የነገረችኝ ነው፤ ለእንግዳው ከብቱን በነፍሱ መስጠት፣ ወይም የእሱን እምነት ሰው ጠርቶ ማሳረድ። እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ አበባም ሆነ ወሎ ጠንቀቅ ያለ ደጋሽ ለእስላም እንግዶቹ ለብቻ ያሳርዳል፣ ዕቃውንም ለብቻ ያደርጋል። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም እስላምም ስላለ ይህን ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ስጽፍ ግን የድሮውን ዘመን ገነት አድርጌ ልስልላችሁ አልፈልግም። አያቴም እንዲያ አትልም። ቤተ እስራኤል ርስት የሌለው ሕዝብ ነበር፤ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ። ሰው ማረሻውን ከእኛ ይገዛል፣ ማታ ደግሞ ቡዳ ናቸው እያለ ልጁን ይደብቃል። የእኛም ሰዎች በበኩላቸው የንጽሕና ሥርዓታቸው ጥብቅ ነበርና ከሌላው ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ወደ ቤት አይገቡም ነበር። ስለዚህ ያ ለብቻ የተዘረጋ ገበታ አንዳንዴ አጥር ነበር። አክብሮትና ንቀት በአንድ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። ታዲያ በምን ይለያሉ? እኔ እንደገባኝ ደጋሹ ስለ እንግዳው አስቀድሞ ማሰቡ ላይ ነው። "አይበሉም" ብሎ አለመጥራት አለ፤ "አይበሉም" ብሎ በግ መስጠት አለ። ሁለቱም የሚጀምሩት ከአንድ ቃል ነው፣ መጨረሻቸው ግን አይገናኝም።

ከመንደር ወደ ቤተ መንግሥት እንሂድ። መቼም የድግስ ነገር ተነሥቶ ግብር ካልተነሣ ታሪኩ ጎዶሎ ነው። በአማርኛችን ግብር ሁለት ነገር ነው። ገበሬው ለንጉሡ የሚያገባውም ግብር ነው፣ ንጉሡ ለሠራዊቱ የሚያበላውም ግብር ነው። ይህ ዝም ብሎ የቃል መመሳሰል አይደለም። ማሩ፣ ቅቤው፣ እህሉ፣ ሰንጋው ከየአገሩ በግብር ይገባል፤ በጠጅ፣ በወጥና በብሩንዶ ሆኖ በግብር ይወጣል። የማያበላ ጌታ የሚከተለው ሰው አይኖርም ነበር።

እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያበሉት ግብር ለቀናት የቆየ ነበር፤ እስከ ዛሬም በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ስሙ ይነሣል። ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባው ግቢ ትልቁን የግብር አዳራሽ አሠሩ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በዙር በዙር እየገባ የሚበላበት ነው። በመጀመሪያ መጋረጃ ተጋርዶ ንጉሠ ነገሥቱ ከታላላቆቹ ጋር ይመገባሉ። ከዚያ መጋረጃው ይከፈታል፣ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው፣ ከዚያ የጦር አለቆች፣ ከዚያ ተራው ወታደር፣ ወደ መጨረሻው ድሀው። ሰንጋው ሲታረድም ሥጋው እንዲሁ አይበተንም፤ ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ፍሪምባው የየማዕረጉና የየሥራ ድርሻው ነበር። አጋፋሪው ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፣ አሳላፊው ለማን ምን እንደሚቀርብ ያውቃል፣ ጠጅ ጣዩ ጠጁን፣ ወጥ ቤቷ ወጧን ይዛለች። እኛ የዛሬዎቹ ደግሶ አደሮች "የሥራ ክፍፍል" እያልን የምንማረው አባቶቻችን ጋ በማዕረግ ስም ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስለ ፈረንጅ ወጥ ቤት አደረጃጀት ስማር ስለ አጋፋሪ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ግብርም ቢሆን ቀን ያያል። የፍስክ ግብር አለ፣ የጾም ግብር አለ። ንጉሥም ቢሆን በረቡዕ ሥጋ አያቀርብም። በሺህ ለሚቆጠር ሰው የሚያበስለው ወጥ ቤት ያልሳተውን እኔ ለሰማንያ ሰው ሳትኩት።

ጣይቱን ካነሣን አይቀር፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆቴል ለእኛ ሙያ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ምግብን በገንዘብ መሸጥ ነውር ነበር፤ እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። ሰው እንዲለምደው ራሳቸው አፄ ምኒልክ ሆቴሉ ሄደው በልተው ከፈሉ እየተባለ ይነገራል። ዛሬ እኔ ለሰው ድግስ ዋጋ ስናገር አፌን የሚይዘኝ ነገር ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። አያቴ እስከ አሁን "ለሠራህበት እሺ፣ ለእህሉ ግን እንዴት ታስከፍላለህ?" ትለኛለች።

አሁን ወደ ኢየሩሳሌም እንምጣ፤ ያ ግብር የሚባለው ቃል እዚህም ይጠብቀናልና።

የኢትዮጵያ መነኮሳት በኢየሩሳሌም ከጥንት ጀምሮ አሉ። በቱርኮች ዘመን ግን፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ የሚጣልባቸውን ግብር መክፈል ስላቃታቸው የነበሯቸውን የተቀደሱ ቦታዎች አብዛኞቹን አጡ። ግብር የማያገባ ቦታ አይይዝም። የቀረቻቸው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለችው ዴር ሡልጣን ናት። አገሩ ሩቅ፣ መንገዱ ሽፍታ የበዛበት፣ ከነገሥታቱ የሚላከው አንዴ ይደርሳል አንዴ አይደርስም። ስለዚህ ለረጅም ዘመን የዕለት ቀለባቸው ከሌሎች ገዳማት፣ በተለይም ከአርመኖች እጅ ነበር። በ1838 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱን ፈጃቸው፤ ቁልፉ ከእጃቸው የወጣው፣ እስከ ዛሬ ከግብጾች ጋር ያለውም ክርክር የተካረረው ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። አገራቸው ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ግብር ይበላል፤ እነሱ እዚህ ጣሪያ ላይ ተቀምጠው የሌላ ገዳም እንጀራ ይጠብቃሉ። የሚያበላህ ሰው በክርክር ቀን ምን እንድትል እንደሚጠብቅ መቼም ይገባችኋል። እንጀራና ቁልፍ ዝምድና አላቸው።

ነገሩን የቀየረው ቤት ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ መሬት እንዲገዛና ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ ገንዘብ ላኩ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ጎዳና ላይ የምናያት ክቧ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ናት። እሳቸው ጀምረዋት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተፈጸመች። ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ፣ እቴጌዎቹና መኳንንቱ እየተከታተሉ በአካባቢውና በሌላውም ሠፈር ቤት አሠሩ፣ ቤት ገዙ፤ ኪራዩ ለመነኮሳቱ መተዳደሪያ እንዲሆን፣ ክፍሉም ተሳላሚ ማደሪያ እንዲሆን። በነቢያት ጎዳና ላይ ግንባሩ በባለቀለም ጠጠር የተጌጠው፣ የይሁዳ አንበሳ ያለበት ትልቅ ሕንጻ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። ዕብራይስጥን የዕለት ተዕለት መነጋገሪያ ለማድረግ የደከመው ኤሊኤዘር ቤን ይሁዳም የኖረው በዚህችው በእኛ ጎዳና ላይ ነው፤ ያኔ የሐበሾች ጎዳና ትባል ነበር።

ሰው ጎዳናዋን ሲያይ የሚያየው ድንጋዩን፣ ጸጥታውን፣ ጥዱን ነው። እኔ ግን የድግስ ሰው ነኝና የማየው ሌላ ነው። ያቺ ጎዳና የተሠራችው የእኛ ሰዎች በሰው አገር የሰው እጅ እንዳያዩ ነው። ቤቱ ሲከራይ ዱቄት ይገዛል፤ ዱቄቱ ሲጋገር መነኩሴው በራሱ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ በራሱ ገበታ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ እንግዳ መጥራት ይችላል። ለእኔ የደብረ ገነት ታሪክ ይህ ነው፤ ከተጋባዥነት ወደ ጋባዥነት።

ዓለም ግን ትዞራለች። እ.ኤ.አ. በሜይ 1936 ጣልያን አገራችንን ሲወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሐይፋ ገቡ፣ ከዚያም በባቡር ኢየሩሳሌም፤ ያረፉትም በኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነው። ግብር ሲያበላ የኖረ ቤት በሰው ሆቴል ተጋባዥ ሆነ። ይህን ሳስብ የእኛ የቤተ እስራኤል ስደት ትዝ ይለኛል፤ ምንም እንኳ እኛ የመጣነው ወደ ናፈቅነው አገር ቢሆን።

እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ እስራኤል ገባ። ከመጡት ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት በሆቴሎችና በመቀበያ ማዕከላት ነው። ዘመዶቼ ያኔ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበሩ። ሲያወሩ ስለ ረኃብ አያወሩም፤ ምግብ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀርብ ነበር። የሚያወሩት ሌላ ነገር ነው። ምድጃ አልነበረም። እንጀራ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ "ቅመሱ" የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። አጎቴ አንድ ቀን ዘመድ ሊጠይቀው ከሌላ ከተማ ቢመጣበት ከመመገቢያው አዳራሽ ሁለት ፖም በኪሱ ደብቆ አወጣለት። ትልቅ ሰው፣ የሰባት ልጆች አባት፣ በአገሩ ዳስ ጥሎ ልጅ የዳረ ሰው፣ ለእንግዳው ፖም ይሰርቃል። ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም።

እኔ የመጣሁት ከዚያ ብዙ ዘግይቼ ነው። የሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ ምግብ ዝግጅት ተማርኩ፣ በሠራዊትም ወጥ ቤት ውስጥ አገለገልኩ። እዚያ የተማርኩት ዋናው ነገር መለየት ነው። ቀይ ለሥጋ፣ ሰማያዊ ለወተት፤ ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ጭልፋው ሳይቀር። ማሽጊያሁ፣ ማለትም የካሸር ተቆጣጣሪው፣ አንዲት ጭልፋ ቦታዋን ስታ ካገኘ ቀኑ ተበላሸ። ያኔ የሰው አገር ጥበብ እየተማርኩ ይመስለኝ ነበር። አያቴ ስለ ሁለቱ ቢላዋ እስክትነግረኝ ድረስ ያ ጥበብ የእኛም መንደር ጥበብ መሆኑ አልገባኝም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በሠራዊት የምንለየው ለሥርዓቱ ነው፣ በመንደር ግን የሚለየው ለእንግዳውም ጭምር ነበር።

ዛሬ የእኛ ሰው ሰርግ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አዳራሽ፣ መብራት፣ ኦርጋን፣ አምስት መቶ ስድስት መቶ ሰው። በአገር ቤት ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እዚህ፣ አንድ ሽማግሌ ደብተር ይዞ ማን ምን እንዳመጣ ይጽፍ ነበር፤ አሁን በር ላይ ሣጥን አለ፣ ቼኩ በፖስታ ይገባል። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ ከእሱም እበላለሁ። ነገር ግን ድግሱ ከመንደር እጅ ወጥቶ በእኔ እጅ ሲገባ አንድ ነገር ጠፋ። በመንደር እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤት ማን እንደሚጾም፣ ማን የማን ሥጋ እንደማይበላ፣ ማን ሐዘን ላይ እንደሆነ ታውቃለች። እኔ የማውቀው ቁጥር ነው። ሰማንያ ሰው። ሰማንያ ሰው የሚባል ሰው ደግሞ የለም።

በኢየሩሳሌም ይህ ነገር የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ሰው እዚህ አንድ ዓይነት አይደለም። በኅዳር አካባቢ ለስግድ ወደ አርሞን ሐናጺቭ ውጡ፤ ቄሶቹ ጥላ ተይዞላቸው ኦሪት ያነባሉ፣ ሕዝቡ ከየከተማው በአውቶቡስ መጥቶ ጾሞ ይቆማል፣ ከጸሎቱ በኋላ ዳቦው ይቆረሳል። ስግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል። በጸደይ ደግሞ በፋሲካ ሌሊት ወደ ዴር ሡልጣን ጣሪያ ብትወጡ ከአገር ቤትና ከየዓለሙ የመጣው ተሳላሚ ነጭ ለብሶ ጧፍ ይዞ ሲዘምር ታያላችሁ፤ እነሱም የሃምሳ አምስቱን ቀን ጾም ይፈታሉ። ሁለቱም ጾመው፣ ሁለቱም መጨረሻቸው ማዕድ። እኛም የእኛን በዓል ፋሲካ ነው የምንለው፣ እነሱም የእነሱን ፋሲካ ይሉታል። በእኛ ፋሲካ ሳምንት ግን እርሾ ያለበት ነገር ሁሉ ከቤት ስለሚወጣ እንጀራ የለም፣ ቂጣ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ሁለቱ ፋሲካዎች ይገናኛሉና የእነሱ ዶሮ ወጥ በእንጀራ በሚቀርብበት ቀን የእኛ ሰው እንጀራ አይነካም። ይህን ሳያውቅ የሁለቱንም ዘመድ በአንድ አዳራሽ የሚጠራ ደጋሽ እንደ እኔ ሊዋረድ ነው።

ስለዚህ አሁን ሰው ድግስ ሊያዘኝ ሲደውል ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው፣ ማን ይመጣል? ስንት ሰው አላልኩም። ክርስቲያን አለ ወይ፣ እስላም አለ ወይ፣ ጥብቅ ካሸር የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ ወይ?

ሁለተኛው፣ ቀኑ ምንድን ነው? ረቡዕ ነው፣ ዐርብ ነው፣ ዐቢይ ጾም ነው፣ ፍልሰታ ነው፣ ረመዳን ነው፣ የእኛ ፋሲካ ነው? ረመዳን ከሆነ ምግቡ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ እንዲቀርብ ሰዓቱን እናስተካክላለን።

ሦስተኛው፣ ሥጋው በማን እጅ ይታረዳል፣ በማን ድስት ይሠራል? እዚህ አገር በግን ጓሮ ውስጥ ማረድ አይፈቀድም፣ ከተፈቀደለት ቄራ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እንደ አያቴ ዘመን በግ በቁሙ ልሰጥ አልችልም። የምችለው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የጾም ገበታ ነው።

የጾም ገበታ ምን ያህል ብልህ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት አሁን ነው። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ የአተር ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሁሉም በዘይት። ሥጋ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም። ለክርስቲያኑ የጾም ነው። ለእኛ ፓርቬ ነው፣ ከሥጋም ከወተትም ጋር ይሄዳል። እስላሙም የሚጠረጥረው ሥጋ የለበትም። ድስቱን ለብቻ ከያዝኩት፣ ጭልፋውን ከሥጋው ጭልፋ ከለየሁት፣ ሁሉም ሰው በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚቀመጥበት ምግብ እሱ ብቻ ነው። ድሮ ሥጋ የሌለበት ድግስ ድግስ አይመስለኝም ነበር፤ የጾሙን ከዳር አኖረው ነበር። አሁን መሀል ላይ አደርገዋለሁ፣ ሥጋው ነው ዳር የሚቀመጠው። አንዳንድ ባለድግስ "ሰው ምን ይለናል?" ይለኛል። እኔም "ሳይበላ የወጣ ሰው ምን ይላል?" እላለሁ።

አሁን የእኚያን እናት ነገር ልጨርስላችሁ። ከወራት በኋላ፣ ቀኑን ቆጥሬ፣ በአዲስ ዕቃ የጾም በየአይነቱ አዘጋጅቼ በደብረ ገነት አካባቢ የሚኖሩበትን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። ረቡዕ ነበር፣ አውቄ ነው። በሩን ሲከፍቱ ወዲያው አወቁኝ። "የዚያ ቀን ልጅ!" አሉ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝና አስገቡኝ። ምግቡን ተቀብለው ማዕዱን ባረኩ፣ ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፣ ተቀምጠው በሉ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ያህል የሚጥም ሽሮ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ ተነሡና አንድ ሳህን ይዘው መጡ። ሳህኑ ላይ ሦስት ብርቱካን ነበር፤ ያልተላጠ፣ ያልተቆረጠ። ያልተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስም አብሮ አለ። ከፊቴ አስቀመጡትና እንዲህ አሉኝ፤

"ብላ ልጄ። ቢላዋ አልነካውም። ጎንደር እያለን እናቴ ለእናንተ ሰዎች እንዲህ ነበር የምታደርገው።"

ብርቱካኑን በእጄ ላጥኩት። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። እሳቸው ያን ቀን የእኔን ድግስ ረስተውት አልነበረም፤ እኔ የረሳሁትንም ሕግ አልረሱትም ነበር። አያቴ ጋ ደውዬ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዚያ "የማን ልጅ ናቸው?" ብላ ጠየቀች። የአገራቸውን ስም ስነግራት የምታውቀው ቦታ ነው፤ ከእነሱ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ።

ወገኖቼ፣ በእናንተስ ቤት እንዴት ነበር? አያቶቻችሁ እምነቱ የተለየ እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር? እነሱ በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸውና ጻፉልኝ፤ በየትኛውም የትምህርት ቤት መጽሐፍ አላገኘሁትምና። ሽማግሌ በሞተ ቁጥር አንድ እንግዳ የማስተናገድ ዘዴ አብሮ ይቀበራል።

ቸር ይግጠመን፤ ማዕዳችሁን እግዚአብሔር ይባርክ።